«አይሰማም» ከማለታችን በፊት

የሬዲዮ ሥራዎቻችን ሲገመገሙ ከሁሉም በላይ የምትደጋገም አንዲት ቃል አለች፤ «አይሰማም» የምትል። ይህች ቃል ከወጣች ክርክር የለም። የባለታሪኩ ድምፅ ይቆረጥና በምትኩ የዘጋቢው ትረካ ይገባል፤ በቃ! እኔ ዛሬ መጠየቅ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ለመሆኑ ችግሩ ያለው የት ነው? ተናጋሪው ጋ ነው ወይስ እኛ የምናዳምጥበት ኮምፒውተር ጋ?

እንደሚታወቀው ስለ መቅረጽ ብዙ ተምረናል። ማይክሮፎኑን ከአፍ ምን ያህል እንደምናርቅ፣ ነፋስን እንዴት እንደምንከላከል፣ የድምፁ መጠን ቀዩ ውስጥ እንዳይገባ እንዴት እንደምንጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ማዳመጥ ግን ማን ነገረን? ፋይሉን ከፍላሽ እንገለብጣለን፣ ሁለቴ ጠቅ እናደርጋለን፣ ከዚያ ጆሯችን ውስጥ የገባውን ሁሉ «ቅጂው ይኸው ነው» ብለን እንቀበላለን። ኮምፒውተሩ ግን ድምፁን እንዳለ አያቀብለንም እኮ! በመሐል ብዙ ነገር ይነካካል፤ ሲነካካም አያስፈቅድም።

እኔ የቆቦ ልጅ ስለሆንኩ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በዞብል ተራሮች ግርጌ ባለው ሜዳ፣ ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ገበያዋ ላይ የቆመ ሰው አማርኛም፣ ትግርኛም፣ አፋርኛም ይሰማል፤ ኦሮምኛውም በየቦታው ስምና በሰዉ ንግግር ውስጥ አለ። ስለዚህ የራያ ቆላ አማርኛ የራሱ ለዛ አለው። ሌላው አማርኛ የተዋቸውን የሐ እና የዐ የጉሮሮ ድምፆች የሚያወጣ ሰው ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ጆሮ ይህን ለመስማት ትንሽ ጊዜ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። የለመድነውን አነጋገር ስንሰማ ግማሹን ቃል የምንሞላው በግምት ነው። ድምፁ ቢደበዝዝም ዜና አንባቢውን እንረዳዋለን፤ ምን እንደሚል አስቀድመን እናውቃለንና። ያልለመድነውን አነጋገር ግን መገመት አንችልም፤ እያንዳንዱን ተነባቢ በትክክል መስማት አለብን። እንግዲህ የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ሲበላሽ ሁሉም ሰው እኩል አይጎዳም። የአዲስ አበባው ተናጋሪ ያልፋል፤ የቆቦው ገበሬ «አይሰማም» ተብሎ ይቆረጣል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የክፍላችን ልጅ ስለ ማሽላ አዝመራ አንድ አዛውንት አነጋግሮ መጣ። ገምጋሚው በብሉቱዝ ማዳመጫ ሰምቶ «ቃላቱ አይለዩም» አለ። ያንኑ ፋይል በገመድ ማዳመጫ ስንሰማው የአዛውንቱ ንግግር ጥርት ያለ ነበር! ለምን? ቆየት ያለው ዊንዶውስ አንዱን የብሉቱዝ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ሁለት አድርጎ ነው የሚያየው፤ አንዱ ለሙዚቃ የሚሆን ስቴሪዮ፣ ሌላው ለስልክ ንግግር የሚሆን ሃንድስ ፍሪ። ቴሌግራም ጥሪ ላይ ከሆነ ወይም ሌላ ፕሮግራም ማይክሮፎኑን ከከፈተ ማዳመጫው ወደ ስልኩ ዓይነት ይዞራል። በዚህ በቆየው የስልክ ዘዴ ድምፁ በሰከንድ የሚለካው 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ዘዴ 16,000 ጊዜ ይለካል፤ እሱም ቢሆን ከ8,000 ሄርዝ አያልፍም። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ያለው ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። «ሰ» ከ«ፈ» ካልተለየ አዛውንቱ ምን ያድርጉ?

ሁለተኛው ጉዳይ «ማሻሻያ» የሚባለው ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤንሃንስመንትስ በሚለው ውስጥ ላውድነስ ኢኳላይዜሽን የሚባል ነገር አለ። ሥራው ደካማውን ድምፅ ማጉላት፣ ኃይለኛውን ማሳነስ ነው። ማታ ፊልም ለሚያይ ሰው ጥሩ ነው። ሶለልን ለሚያዳምጥ ግን መርዝ ነው! በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ በእኛ ሶለል እንደሚባል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከበሮ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ አውጪ አለች፣ ተቀባዮች አሉ። ከበሮው በተመታ ቁጥር ያ ፕሮግራም ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል፤ የአውጪዋም ድምፅ አብሮ ይሰምጣል። ከበሮው ሲያርፍ ደግሞ መልሶ ያጎላል፤ የሕዝቡ ጫጫታና የመኪናው ድምፅ ይገነፍላል። የሚያዳምጠው ሰው ምን ይላል? «ከበሮው ውጦታል፣ ጫጫታ በዝቶበታል፣ ሲቀረጽ ነው የተበላሸው»።

ቢናገር ብቻ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ኤዲት ያደርገዋል! ያልነበረውን ጫጫታ ለማጥፋት ኖይዝ ሪዳክሽን ይጭንበታል፤ የከበሮውን ጉልበት ይቀንሳል፤ በዚያው ያስቀምጠዋል። የማዳመጫው ችግር በአንድ ጠቅታ የሚጠፋ ነበር፤ ፋይሉ ላይ የተሠራው ግን ዋናው ቅጂ ካልተቀመጠ አይመለስም።

አሁን ወደ ዳኩ ልምጣ። ዳክ ማለት ኮምፒውተሩ በቁጥር የያዘውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልስ፣ ማዳመጫው እንዲረዳው የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በየኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ አለ፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሌላቸው ስልኮች በምትሸጠዋ አጭር ገመድ ውስጥም ብዙ ጊዜ አለች። በዩኤስቢ የሚሰካው የውጭ ዳክ ጥቅሙ ሥራውን ከኮምፒውተሩ ሆድ ማውጣቱ ነው። በላባችን ማውሱን ስታንቀሳቅሱ በማዳመጫው የምትሰሙት «ጢጢጢ» የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከቅጂው አይደለም። ትምህርት ክፍላችን እንዲህ ያለ ዳክ አንድ አለው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሞክረነዋል፣ ምንም ለውጥ የለውም» ተባልኩ።

እውነት ነው፤ ሰክቶ ብቻ የተወው ሰው ለውጥ ላያይ ይችላል! ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ሴቲንግ ነው የሚይዘው። ዳኩን ብትሰኩም ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በድሮው በኩል ማጫወቱን ሊቀጥል ይችላል። ኦዳሲቲ ለምሳሌ ከተከፈተ በኋላ የተሰካን መሣሪያ አያየውም፤ ሪስካን ኦዲዮ ዲቫይስስ የሚለውን መንካት ወይም ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል። ከዚያም ማጫወቻው ዳኩ መሆኑን እዚያው መምረጥ ነው።

ሌላው ሳውንድ በሚለው መስኮት ውስጥ ነው። ፕሌይባክ ውስጥ ዳኩን ዲፎልት ማድረግ፤ ፕሮፐርቲስ ገብቶ ኤንሃንስመንቶቹን በሙሉ ማጥፋት፤ አድቫንስድ በሚለው ደግሞ ዲፎልት ፎርማቱን ከፋይላችን ጋር ማስማማት ነው። የእኛ መቅረጫዎች በ48,000 ስለሚቀርጹ 24 ቢት 48,000 ይሁን፤ ከሲዲ የተገለበጠ ከሆነ 44,100። ባይስማማ ምን ይሆናል? ዊንዶውስ ራሱ አስልቶ ይቀይረዋል። መቀየሩ ደግሞ የግድ ነው፤ የ44,100ውን ፋይል ሳይቀይር በ48,000 ፍጥነት ቢያጫውተው 9 በመቶ ገደማ ፈጥኖ፣ የአንዲት ባልቴት ድምፅ የኮረዳ ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ የሚሰላው ለውጥ ለአብዛኛው ጆሮ የሚሰማ አይደለም፤ ባስማማው ግን አንድ ጥርጣሬ ይቀንስልኛል። ኤክስክሉሲቭ ሞድ የሚለው ምልክት እንዳለ ይቆይ፤ ፎባር 2000ን የመሰሉ ማጫወቻዎች በዚህ በኩል ድምፁን ዊንዶውስ ሳይነካው ቀጥታ ለዳኩ ያቀብላሉ፤ የቴሌግራም ጩኸትም አይቀላቀልም።

አንድ የተደበቀ ነገር ደግሞ አለ፤ ኮሙኒኬሽንስ የሚል። ኮምፒውተሩ የስልክ ዓይነት ንግግር አለ ብሎ ካሰበ ሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው። ከጎናችሁ ያለው ልጅ በዚያው ማሽን ጥሪ ከፍቶ ረስቶት ከሄደ የቆቦው ገበሬ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ዱ ናቲንግ የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። የድምፅ መጠኑንም ዊንዶውስ ላይ 100 አድርጎ ዳኩ ላይ ባለው ማዞሪያ መቀነስ ይሻላል። መጀመሪያ ማዞሪያውን ዝቅ አድርጉ እንጂ ጆሯችሁን እንዳትጎዱ!

«ታዲያ የ192,000ውን ዳክ እንግዛ?» የሚል አይጠፋም። በእኔ በኩል አያስፈልግም። 48,000 እስከ 24,000 ሄርዝ ይሸከማል፤ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ደግሞ ከ15,000 አያልፍም፤ የተለመደው ካሴትም እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ላለው ሰው መዝናኛ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። አንድ ጓደኛዬ «አድማጩ በስልክ ስፒከርና በሚኒባስ ውስጥ ነው የሚሰማው፤ አንተ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ያለው አድማጭ ግን የሚሰማው እኛ ያስተላለፍንለትን ነው። ከደበዘዘበት ድምፅ ይጨምራል፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ቆቦ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የአገሩን አነጋገር ከእኔም ከእሱም በላይ ይለየዋል። እኛ ላብ ውስጥ የቆረጥነውን ግን በምንም ስፒከር ሊሰማው አይችልም። በትንሽ ስፒከር መፈተሽ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። «ይግባ ወይስ ይውጣ» የሚለው ፍርድ ግን በደህና ማዳመጫ ነው መሰጠት ያለበት።

ጉዳዩ ከክፍል ሥራም ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በነበረው ጦርነት ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የቀረው የራያ ዘፈን በየሰው እጅ፣ በካሴትና በስልክ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ይህን ወደ ኮምፒውተር እንገልብጥ የሚሉ ልጆች በመካከላችን አሉ፤ ሐሳባቸው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ካሴቱን እየገለበጠ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስተካክለው ልጅ የሚያዳምጥበት ማሽን ባስ ቡስት በርቶበት ከሆነ ምን ያደርጋል? ዘፈኑን ያቀጥነዋል። ካሴቱ ነገ ቢበጠስ የሚቀረን ያ የቀጠነው ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ልመና አለኝ፤ አንዱም ብር አይጠይቅም። ዳኩ ከቁም ሳጥኑ ይውጣና የመጨረሻ ግምገማ በሚደረግበት ማሽን ላይ ይሰካ። ከላይ የጠቀስኩት ሴቲንግ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከየኮምፒውተሩ አጠገብ ይለጠፍ። የግምገማ ቅጹ ላይ ደግሞ «አይሰማም» የሚል ሁሉ በምን ማዳመጫ፣ በየትኛው ማሽን እንዳዳመጠ የሚሞላበት አንድ መስመር ይጨመርልን። ነሐሴ 16 ሶለል ነው፤ መቅረጫ ይዘው ወደ ቆቦ የሚወርዱ ልጆች ይኖራሉ። ይህ ሁሉ እነሱ ከመመለሳቸው በፊት ቢያልቅ ደስ ይለኛል።