ከዊተን በፊት ወልድያ

የእህትማማች ከተሞች ስምምነት በአገራችን ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ትንንሽ ባንዲራ፣ ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት እስክሪብቶ። ከኋላ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ያጨበጭባሉ። ማታ በዜና ይነገራል፣ ጠዋት ማንም አያስታውሰውም። እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ ነው የምኖረው። ጊትሃብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል፦ አንድ ቀን በሆይ ሆይታ ተከፍቶ፣ አንድ ፋይል ገብቶበት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ፕሮጀክት። ስሙ አለ፣ አድራሻው አለ፣ የሚሠራበት ሰው የለም።

የምኖረው መቐለ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ነው። ትግርኛ ለማትችሉ፣ ሓድነት ማለት አንድነት ማለት ነው። መቐለ ጀርመን ውስጥ ዊተን ከምትባል ከተማ ጋር አጋርነት አላት። ዊተን በሩር አካባቢ ያለች የብረትና የድንጋይ ከሰል ታሪክ ያላት ከተማ ናት፤ የጀርመን አንጋፋው የግል ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን እስቲ ሓድነት ውስጥ ታክሲ የሚጠብቅ አንድ ወጣት አስቁማችሁ «ዊተን ምንድን ናት?» ብላችሁ ጠይቁት። የስልክ ሞዴል ስም ይመስለዋል።

ክርክሬ አጭር ነው። የሓድነት ወጣት መጀመሪያ የሚያስፈልገው እህት ከተማ ቪዛ የምትጠይቀው አይደለችም። እኛ የምንፈራት፣ እሷም የምትፈራን ናት። ስሟን ልጥራው፦ ወልድያ።

ይሄን ያልኩት ሰው ለማናደድ አይደለም። ያሉንን ስምምነቶች አንድ በአንድ እንያቸው። አዲስ አበባ ከላይፕዚግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004፣ ከቤጂንግ ጋር በ2006፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር በ2013 ተፈራርማለች። ባሕር ዳር ከክሊቭላንድ፣ ጎንደር ከኮርቫሊስ፣ አክሱም ከዴንቨር። ሁሉም ዓይናቸው ወደ ውጭ ነው። የሚፈራረሙት ከተሞች በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ፤ ጠብ ግን የላቸውም። ባሕር ዳርና ክሊቭላንድ ተጣልተው አያውቁም። ተጣልቶ የማያውቅን ሰው ማስታረቅ ቀላል ነው፣ ፎቶውም ያምራል።

ዴንቨር ግን ጥሩ ትምህርት አላት። የመጀመሪያ እህቷ የፈረንሳይዋ ብሬስት ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ። ነገሩን የጀመረችው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሬስት ሄዳ ፍርስራሹን አየች፤ ተመልሳ ለተማሪዎቿ ነገረቻቸው። ልጆቹ ሳንቲም ለቃቅመው 32,000 ዶላር ያህል ሰበሰቡ፤ ገንዘቡም ለሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ሄደ። ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ፊርማ። እኛ የምናደርገው ተገልብጦ ነው፦ መጀመሪያ ፊርማ፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ሥራው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት።

ዴንቨር ውስጥ በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ። ደስ ይላል። ነገር ግን በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኤርትራ ወታደሮች አክሱም ውስጥ ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ መናፈሻ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ምንም። ስልኩ ተቆርጦ፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ ባንኩ ተቆልፎ በነበረበት ጊዜ ከዊተንም ከዴንቨርም መስመር ሊከፍትልን የሚችል ከንቲባ አልነበረም። አልወቅሳቸውም፣ አቅማቸው አይደለም። ግን ከዚህ አንድ ነገር መማር አለብን፦ ሩቅ ያለ እህት ያዝንልሃል፤ ሊያድንህም ሊጎዳህም የሚችለው ግን አጠገብህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ወልድያ እንምጣ። ከመቐለ ወደ አዲስ አበባ በአላማጣ በኩል በዋናው መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ ወልድያን ያውቃታል፣ ቢያንስ ምሳ በልቶባታል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቐለ ከተማ ክለቦች ሊጫወቱ ነበር፤ ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ ክልሎች ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲገናኙ እስከ መወሰን ተደረሰ። 2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ ሊጉን ያነሣበት፣ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ የወጣበት ዓመት ነው። አገሪቱ ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ የሆኑ ቡድኖች ደጋፊዎች አንዱ ወደ ሌላው ከተማ በሰላም መሄድ የሚጨነቁበት ጊዜ ነበር።

ጦርነቱ የጀመረው በጥቅምት 2013 ነው። ቀኑን ቁጠሩት። ሕዝብ ለሕዝብ የሚገናኝበት መንገድ የተዘጋው ከመድፉ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። መጀመሪያ የቆመው የደጋፊዎች አውቶቡስ ነው። ያኔ ማንም «ይሄ ትልቅ ነገር ነው» አላለም፤ ኳስ ነው ተባለ። ልውውጥ የሰላም ጌጥ አድርገን ነው የምናስበው፣ ሁሉ ነገር ሲስተካከል የምንደርስበት። እኔ ደግሞ የማስጠንቀቂያ መብራት ነው እላለሁ። ሲጠፋ መሮጥ ነበረብን።

«ታዲያ በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን እናከብር የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እናከብራለን። ሁሉም ባህል ልብሱን ለብሶ፣ ከበሮውን ይዞ፣ ስታዲየም ገብቶ፣ ተራው ሲደርስ ጨፍሮ ይወጣል። ማታ ሁሉም በየሆቴሉ ከመጣበት ሰው ጋር ይበላል። በነጋታው በየአውቶቡሱ ይመለሳል። እዚያ ቦታ ላይ ባህል ይታያል እንጂ አይለዋወጥም። ልውውጥ ማለት አንተ ቤት ያደርኩ እንደሆነ፣ እናትህ የሠራችውን የበላሁ እንደሆነ፣ ከሦስት ወር በኋላ ስደውልልህ ስልክ ያነሣህ እንደሆነ ነው።

እስቲ ነሐሴን እንውሰድ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ መቐለ ውስጥ ሴት ልጆች አሸንዳ ይጫወታሉ። በዚያው ሰሞን ዋግ ውስጥ ሻደይ፣ ላስታ ውስጥ አሸንድዬ፣ ቆቦ ውስጥ ሶለል ይባላል። ያው ለምለም ቅጠል ወገብ ላይ፣ ያው ጥልፍ ቀሚስ፣ ያው ከበሮ። በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ የምናደርገው ምንድን ነው? «የኛ ነው፣ ሰረቃችሁ» መባባል። አንድ ዓመት እንኳ አሥር ልጆች ከሓድነት ሶለልን አይተው፣ አሥር ልጆች ከዚያ አሸንዳን አይተው ቢመለሱ፣ ክርክሩ ራሱ ያስቃቸው ነበር።

ይሄ የምኞት ወሬ አይደለም፣ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1950፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ፣ የፈረንሳይዋ ሞንቤሊያርና የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግ እህትማማች ሆኑ። የሞንቤሊያር ከንቲባ ሉሲየን ታራዳን ናዚዎች ቡኸንቫልድ ካምፕ ያጎሩት ሰው ነበር። ስለ ጀርመን ጭካኔ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለቱ መንግሥታት የጋራ የወጣቶች ቢሮ አቋቋሙ፤ የራሱ በጀት ያለው፣ በየዓመቱ ሥራው የሚቆጠር። እስካሁን ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች አልፈውበታል። ዛሬ በሁለቱ አገሮች መካከል ከ2,000 በላይ የከተማ ጥምረቶች አሉ። ፈረንሳዮቹ ያን ጊዜ የመረጡት ጠብ የሌላቸውን አገር አልነበረም።

አሁን ደግሞ ከራሴ ሰፈር የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ «ፍትሕ ሳይኖር ምን ልውውጥ? ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀለው ሕዝብ መጠለያ ውስጥ እያለ፣ አንተ ልጆች ልታስጨፍር ነው?» ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነሐሴ 20 ቀን 2014 መቐለ ውስጥ የሕፃናት መዋያ በአየር ጥቃት ተመትቷል። ከወልድያ የሚመጣው ተቃውሞም ያንኑ ያህል ይከብዳል፦ ከተማዋ በ2013 ክረምት በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ወራት አሳልፋለች፤ አጠገቧ ቆቦ ውስጥ የትግራይ ኃይሎች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። እኛ ብቻ አልተጎዳንም፣ እነሱም ብቻ አልተጎዱም።

የፈረንሳይና የጀርመን ታሪክ ከኛ የሚለይበትን ቦታም አልደብቅም። እዚያ ተሸናፊው ታውቆ፣ ፍርድ ቤት ተቀምጦ፣ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ ነበር። እኛ ጋር ከፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ከጥቅምት 2015 ወዲህ፣ ያ አልሆነም። ስለዚህ ልውውጡ የፍትሕ ምትክ ሆኖ ከቀረበ እኔ ራሴ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነኝ። ማንም ልጅ «ይቅር ብያለሁ» እንዲል አይጠየቅ። ማንም በካሜራ ፊት አይተቃቀፍ። ይቅርታ የተበዳዩ ነው፣ በፕሮግራም አይያዝም። ነገር ግን ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል፤ የኔን ታሪክ ከኔ አፍ የሰማ የወልድያ ልጅ ደግሞ «ውሸት ነው» ለማለት ይከብደዋል። እኔም ስለ ቆቦ እንደዚያው።

ቋንቋውንም እንናገር። እኔ ተማሪ ሳለሁ አማርኛ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ነበር፣ ለዚህ ነው ይሄን የምታነቡት። በዚያ በኩል ትግርኛ የትምህርት ዓይነት አይደለም። ይሄ በኔ ሙያ አንዱ መላክ ብቻ፣ ሌላው መቀበል ብቻ የሚችልበት ግንኙነት ነው፤ ሲስተም አይባልም። ፊደላችን እኮ አንድ ነው! ኪቦርዳችን ራሱ አንድ ነው። ሓድነት ስትሉ አንብባችሁታል፣ ትርጉሙን ብቻ ነው የነገርኳችሁ። የልውውጥ ፕሮግራም ትግርኛ የማያስተምር ከሆነ፣ እኛ እንደ ድሮው ወደ እነሱ እየተተረጎምን እንቀጥላለን ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ባለቤቱ ከንቲባ አይሁን። ከንቲባ ይነሣል፣ ይሾማል፣ በኛ ከተማ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ባለቤቱ ሁለት ትምህርት ቤት፣ ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህርና አራት ተማሪ ይሁኑ። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽና የትራንስፖርት ገንዘብ ይስጥ፣ ንግግር አያድርግ። ሁለተኛ፣ የሚሄደውና የሚመጣው ቁጥር እኩል ይሁን፤ አምስት ከሄደ አምስት ይምጣ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ አንድ ገጽ ሪፖርት በአማርኛና በትግርኛ ይለጠፍ፦ ስንት ሄደ፣ ስንት መጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ አሁንም ይደዋወላል። የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ይዘጋ። እንዲህ ቀላል ነው።

መንገዱ አያስተማምንም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ክረምት ወዲህ ግጭት አለ፤ ልጅን አውቶቡስ ላይ ጭኖ መስደድ ኃላፊነት የጎደለው ነው። ስለዚህ በስልክ ይጀመር። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ስምንት ልጅ፣ አንድ የጋራ ሥራ። ሥራው ምን ይሁን? ከኔ ሙያ ልምከር፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትግርኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለስልክ። አንዱ ቃሉን ይሰጣል፣ ሌላው ትርጉሙን ይሰጣል፣ አንዱ ያለ ሌላው አንድ ገጽ መጨረስ አይችልም። መንገዱ ሲከፈት ለመሄድ ምክንያት የሚኖራቸው ልጆች አሉን ማለት ነው።

ዊተንስ? ትቆይ፣ አንጣላትም። ግን ለሓድነት ልጅ ወደዚያ የሚወስደው በር ጠባብ ነው፤ የሸንገን ቪዛ ለመጠየቅ እንኳ መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። በ2015 ዓ.ም. እኔ ራሴ ለአንድ ስሙን ለማልጠራው የውጭ ልውውጥ ፕሮግራም ሳመለክት የተጠየቅሁት ያለፉትን 6 ወራት የባንክ እንቅስቃሴ ነበር። ባንኩ እኮ ለዚያን ያህል ጊዜ ዝግ ነበር! እንዲህ ያለውን ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ክፉ አይደለም፣ እኛ የት እንደምንኖር አያውቅም። ወልድያ ያለ ልጅ ግን የተዘጋ ባንክ ምን እንደሆነ ሊነግሩት አያስፈልግም። እሱም አይቶታል።

ስለዚህ ጥሪዬ ለባለሥልጣን አይደለም። ወልድያ ውስጥ፣ ቆቦ ውስጥ፣ ደሴ ውስጥ የምታስተምር፣ ወይም የተማሪዎች ክበብ የምትመራ ይሄን የምታነብ ሰው ካለህ፦ እዚህ ሓድነት ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጥ ሰው ታገኛለህ። ባንዲራና ጠረጴዛ አያስፈልገንም። አራት ተማሪና አንድ የሚሠራ ስልክ ይበቃል። የመጀመሪያውን ቃል እኛ እንስጥ፦ ጎረቤት። በትግርኛ ጎረቤት ነው።