ዛፉን የቆረጠ ጉቶውንም ያስብ



ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ በየግቢያችን ተገትሮ ስለሚቀረው ጉቶ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጉቶ እኔን ከጎረቤቴ ጋር ሊያቀያይመኝ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፤ ያደረግሁትን ሳልሸሽግ ብጽፈው ሌላውን ከስሕተት ያድን ይሆናል።

ከሦስት ዓመት በፊት በግቢዬ ጥግ የነበረውን ትልቅ ባሕር ዛፍ አስቆረጥሁ። በነፋስ ጊዜ ቅርንጫፉ ጣራውን ይመታ ስለ ነበር መቆረጡ ተገቢ ነበር። ግንዱን ሸጥሁ፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለማገዶ አኖርሁ። የቀን ሠራተኞቹ ጉቶውን ለመንቀል የጠየቁትን ገንዘብ ስሰማ ግን «ይቆይ፤ ራሱ ይበሰብሳል» ብዬ ተውሁት። ክረምቱ ሲወጣ ብመለከተው መበስበሱ ቀርቶ ዙሪያውን በቀንበጥ ተሸፍኗል። ብቆርጠው መልሶ ያቆጠቁጣል።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጨው ነስንስበትና የተቃጠለ የመኪና ዘይት አፍስስበት» ቢለኝ ሳልመረምር ተቀበልሁ። የእኔ ግቢ ከፍ ያለ፤ የጎረቤቴም የጎመን መደብ ከአጥሩ በታች ያለ መሆኑን አላሰብሁም። ዝናቡ ጨዉንና ዘይቱን አጥቦ ወሰደው፤ ጎመኑም ጠወለገ። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ፤ ጎመን እየሸጡ ኑሯቸውን የሚደጉሙ እናት ናቸው። «መምህር፤ ምን በሽታ ገባበት?» ብለው ሲጠይቁኝ «እንጃ» ብዬ አለፍሁ። እያወቅሁ ነበር። ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነውና፤ እውነት ስለ መናገር ያልተነገረኝ ቀን አልነበረም፤ እኔም ተማሪዎቼን ይህንኑ አስተምራለሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ሄጄ «እማማ፤ ጎመንዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፤ ጎመኑስ ይተካል፤ አጥር ተጋርተን እየኖርን ሳትነግረኝ ብትቀር ነበር የሚከፋኝ» አሉኝ። የተበላሸውን አፈር አስወጥቼ በሌላ አስተካሁላቸው፤ የጎመኑንም ዋጋ ከፈልሁ። ወጪው ሲደመር ሠራተኞቹ መጀመሪያ ከጠየቁኝ ገንዘብ በለጠ።

በዚህ ባሕር ዛፉን ልንወቅሰው አይገባም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ ስላለቀ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዪቱ ባለችበት እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ይህ ከአውስትራልያ የመጣ፤ ቶሎ የሚያድግና ከጉቶው እንደ ገና የሚበቅል ዛፍ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ጉቶው ምን እንዲሆን ሳንወስን መጥረቢያ እናነሣለንና።

ስለዚህ ውሳኔው ከመቁረጡ በፊት ይሁን። ዛፉ እንዲተካ የሚፈልግ ሰው፤ ወደ መሬት አስጠግቶ፤ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይቁረጠው። ሲያቆጠቁጥም ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቀንበጦች ብቻ ትቶ የቀረውን ያንሣ። እንዲጠፋ የሚፈልግ ግን በአንድ ሜትር ያህል ከፍታ ያስቀረው፤ የቀረው ግንድ ሲነቅሉት እንደ መፈንቀያ ያገለግላልና። ከዚያ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ አለመቀበሩን አረጋግጦ ዙሪያውን በዶማ ያስቆፍር፤ የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ ያስቆርጥ፤ በዲጂኖም ያስፈንቅል። ለመንቀል አቅም ያነሰው ቀንበጡን በወጣ ቁጥር ሳይሰለች ይልቀም። ጉቶው በሥሩ ያከማቸው ምግብ የሚያልቀው ቅጠል አጥቶ ሲቆይ ነውና፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። እሳት መለኰስ ግን አደገኛ ነው፤ እሳቱ በሥሮቹ ውስጥ ተዳፍኖ ቆይቶ ባልታሰበ ቦታ ሊወጣ ይችላል።

እኔም በመጨረሻ ጉቶውን አስነቀልሁ። ጕድጓዱ በአፈር ከተሞላና ከረጋ በኋላ የወይራ ችግኝ ተከልሁበት። ችግኙን ከአጥሩ አርቄ የተከልሁት እማማን ጠይቄ ነው።

ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎቻችን በኪራይ ቤት የምንኖር፤ ሲያዛውሩንም ዕቃችንን ጭነን የምንሄድ ነን። ጉቶው ግን ከእኛ ጋር አይዛወርም፤ ለሚመጣው ተከራይና ለጎረቤት ዕዳ ሆኖ ይቀራል። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን የሚታየውን ሠርተን የማይታየውን ለተተኪው የምናስተላልፍበት ቀን ጥቂት አይደለም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ዛፍ መቁረጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ግን ጉቶው ቍርጥ ሲደረግለት ነው።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ