የተቸኮለበት ቤት ዕዳው ለገዢው ነው

አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶና አስውቦ በትርፍ መሸጥ፣ ጥቂት ጥሪት ያጠራቀመ ሰው ሁሉ የሚመኘው ንግድ ሆኗል። በጋምቤላ ከተማም የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱትን ወገኖች ለመርዳት የመጡት ድርጅቶች ባልደረቦች፣ ደህና ቤት ፈላጊዎች በመሆናቸው ይኸው ምኞት ሥር ሰዷል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የፈረሰውን መጠገን፣ ያዘመመውን ማቃናት ለከተማ በጎ ሥራ ነውና። ነገር ግን ወደዚህ ንግድ የሚገባው ሰው ለቤቱ ይህን ያህል፣ ለቆርቆሮው ይህን ያህል፣ ለደላላው ይህን ያህል ብሎ ገንዘቡን በወረቀት ካሰፈረ በኋላ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ወጪ፣ ማለት ጊዜውን፣ ሳይጽፈው ይቀራል። ጊዜ አስቀድሞ ያልተመደበለት እድሳት በችኮላ ያልቃል፤ በችኮላ ያለቀ ቤት ዕዳ ደግሞ የሚወድቀው በሻጩ ላይ ሳይሆን፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አፍስሶ ቤቱን በገዛው ቤተሰብ ላይ ነው።

ጋምቤላ ከጥንስሷ ጀምሮ ለሰው ጥድፊያ ያልተገዛች ከተማ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መነሻነት በባሮ ወንዝ ዳር የተቋቋመው የንግድ ጣቢያ፣ ከ400 ሄክታር በማይበልጥ መሬት የተወሰነ ሲሆን፣ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ወደ ሱዳን የሚያሻግር ታላቅ በር ለመሆን የበቃው፣ መርከቦቹ ከካርቱም የሚመጡት ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ መሆኑን ነጋዴው ሁሉ ተረድቶ፣ ቡናውን በበጋ ከደጋ አውርዶ፣ በመጋዘን አከማችቶ ወራቱን ስለሚጠብቅ ነበር። ውሃው ከጎደለ በኋላ ለደረሰ ጭነት ግን የሚቀጥለውን ክረምት ከመጠበቅ በቀር ሌላ ፍኖት አልነበረም።

ዛሬ መርከቡ ቀርቶ መኪና ቢተካም፣ የወራቱ ሥልጣን አልተሻረም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚበረታበት በዚህ ቆላ፣ ጣራ የሚገለጥበትና መሠረት የሚቆፈርበት ጊዜ ከዓመቱ እኩሌታ እምብዛም አይበልጥም። ሲሚንቶው፣ ሚስማሩና ቀለሙ ደጋውን አቋርጦ፣ በመቱና በጎሬ በኩል ወርዶ እስኪደርስ ድረስ ግንበኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ሠራተኛ በማለዳ ጀምሮ ቀትር ሳይሆን ጥላ ፍለጋ መግባቱ ግድ ስለሆነ፣ በደጋ በአንድ ቀን የሚያልቀው ሥራ በጋምቤላ ሁለት ቀን ይፈጃል። ኮንክሪትም ሙሉ ጥንካሬውን ለመያዝ 28 ቀን ይሻል፤ በዚህ ሐሩር ደግሞ ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሊሰነብት እንደሚገባ፣ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆና ተሰነጣጥቆ ሳያበቃ ሁለተኛው ሊደረብበት እንደማይገባ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል።

ጥድፊያ ምን እንደሚሸሽግ ለማየት የሚሻ ሰው፣ ለሽያጭ የተሰናዳ አንድ ቤት በጥሞና ይመልከት። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ኮርኒሱ ነጭ ነው። ነገር ግን በማዕዘኑ ምሰሶ ሥር፣ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ጣራው የሚወጣ፣ እንደ ክር የቀጠነ የአፈር መስመር ይታያል፤ ይህ የምስጥ መንገድ ነው። ምሰሶው በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ባዶ ነው፤ ውስጡ ተበልቶ ያለቀ እንጨት በልስንና በቀለም ተሸፍኗል። ከወለሉ ከፍ ብሎ ደግሞ ቀለሙ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ልክ ያብጣል፤ ይህም ጎርፍ ገብቶበት የነበረው ግድግዳ ሳይደርቅ እንደተቀባ ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለውን ጎርፍ ያየ ሰው፣ ይህን ምልክት እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይችልም። ምሰሶውን መለወጥና ግድግዳውን በሚገባ ማድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቀለም መቀባት ግን የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ከእጅ ሥራው ድካም የወረቀቱ ድካም አያንስም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት በመሆኑ፣ የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤት ብቻ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተረካቢው በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ደንግጓል። እንግዲህ ካርታው እውነተኛ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን፣ ወራሾች ሁሉ የተስማሙ መሆናቸውን አጣርቶ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ ውሉን አጸድቆ፣ ስም አዛውሮ የሚጨርስ ሰው፣ ይህንኑ ጉዳይ ሲገዛ አንድ ጊዜ፣ ሲሸጥ ሁለተኛ ጊዜ ይመላለስበታል። ይህን ምልልስ፣ እንዲሁም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከቤት ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ላይ የጣለውን 15 በመቶ በመሸሽ፣ ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ የሚሸጡ አሉ፤ ነገር ግን ወካዩ የሞተ ወይም ውክልናውን የሻረ ዕለት፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚንከራተተው ያው ምስኪን ገዢ ነው።

ደመወዝተኛ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሑድ እየወጣን እንቆጣጠራለን ይላሉ። ባለቤቱ በሌለበት ግንባታ ግን አሸዋው ይበዛል፣ ሲሚንቶው ያንሳል፤ የሰኞው ስሕተት ቅዳሜ በልስን ተሸፍኖ ይጠብቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ሥራ ላይ ሲፈጸም ይታያል፤ ልዩነቱ የሚያፈስሰው ሻጩ፣ የሚለቅመው ገዢው መሆኑ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ከሥራው ቦታ ለመዋል የማይችል፣ ወይም የሚታመን ተቆጣጣሪ ቀጥሮ ደመወዙን ከሒሳቡ ለማስገባት የማይፈቅድ ሰው፣ ገንዘቡን በሌላ ንግድ ቢያውለው ለራሱም ለከተማውም ይሻላል።

ገንዘብ ታስሮ መቀመጡ ራሱ ኪሣራ ነው፣ በተለይም የተበደረ ሰው ወለዱን እየቆጠረ ሊታገሥ አይችልም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ቢሆንም በበጋ የታደሰ ቤት አንድ ክረምት ሳያሳልፍ ባይሸጥ፣ በዚያም ወራት ጉድለቱ ሁሉ ለተከራዩ ተገልጾ በቅናሽ ቢከራይ፣ ባለቤቱ ወለዱን የሚያቃልልበት ገቢ ያገኛል፤ ጣራው፣ መሠረቱና ምሰሶውም በእውነተኛው ዳኛ በክረምቱ ፊት ይመረመራሉ። ክረምቱን ለመጠበቅ የማይችል ሰው ደግሞ ያደሰውንና ያላደሰውን በውሉ ላይ ለይቶ ይጻፍ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓልና፣ ግልጽ ጽሑፍ ለሁለቱም ወገን ጋሻ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም በበኩሉ፣ ስም ማዛወር ስንት ቀን እንደሚፈጅ በግልጽ ለጥፎ በተለጠፈው ቀን ውስጥ ቢፈጽም፣ ብዙ ሰው ወደ ውክልናው አቋራጭ የሚሮጥበት ምክንያት ይጠፋል።

ቤት የሰው ልጅ የሚያድርበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት፣ ታሞ የሚተኛበት በመሆኑ፣ ሻጩ ትርፉን ከማስላቱ በፊት ወራቱን ሊያሰላ በኅሊናም በሕግም የተገባ ነው። ወራቱን አስልቶ ያለችው ጊዜ እንደማትበቃ የተረዳ ሰው ንግዱን ቢተወው ነውር የለበትም፤ የጎደለውን ጊዜ በገዢው ቤተሰብ ደኅንነት ማካካስ ግን ነውርም በደልም ነው።