ያልለካነውን ቁጥር አንጻፍ



የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ከዐስር ሶላት በኋላ ፍሬሽ ተማሪዎች ከበው የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፤ «በአካባቢ ምህንድስና ለመመረቅ ምን ያስፈልጋል?» እኛም የለመድነውን እንመልሳለን። ከፍሬሽማን ጋር አምስት ዓመት፤ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ፤ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ሃይድሮሎጂና የአፈር ሜካኒክስ፤ ቀጥሎ የመጠጥ ውሃ ማጣራት፣ የፍሳሽ ማጣራትና የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ፤ ከዚያ ኢንተርንሺፕ፤ መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት። ጠቅላላ ውጤት ከ2.00 መውረድ የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 ከመቶ ማለፍ ግድ ነው።

ዝርዝሩ ትክክል ነው። ለጠያቂዎቻችን የማንነግራቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ ከዚህ ሁሉ የትኛውን በእርግጥ እንደምናሟላ፣ የትኛውን ደግሞ በወረቀት ብቻ እንደምናልፍ። ዛሬ ስለዚያ በግልጽ እንነጋገር።

ኮርሶቹ እንዲያው አልተደረደሩም። «ኢንቫይሮንመንታል ለሚማር ሰው የአፈር ሜካኒክስ ምን ይሠራለታል?» እያልን ስናማርር ከርመናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቆሻሻ ክምርም እንደ አፈር ቁልል ነው፤ ቁመቱ ሲጨምር፣ ጎኑ ገደል ሲሆንና ውስጡ ውሃ ሲበዛ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ይህን አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ሂሳቡን የሚማረው እኛ በምናማርርበት ክፍል ውስጥ ነው። ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋል። የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል። ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ላይ ኮርስ ይቀነስልን አንልም።

ችግሩ ያለው ላብ ላይ ነው። ቢኦዲ የሚባለውን ምርመራ እንውሰድ። በፍሳሽ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያፈርሱ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስዱ የምንለካበት ነው። ናሙናው በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለ5 ቀን መቀመጥ አለበት። የላብ ክፍለ ጊዜያችን ግን 3 ሰዓት ነው። ሰኞ የጀመርነው የሚነበበው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ላቡ ዝግ ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሙቀቱ ይዛባል፤ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይቀራል። ያኔ ምን እናደርጋለን? ከሲኒየር የመጣውን ሶፍት ኮፒ እንከፍታለን።

እኛም አምና አድርገነዋል። በአንድ ግሩፕ ስድስት ሆነን ጠርሙሱን የነካው አንዳችን ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ላይ የመጀመሪያው ቀን የሟሟ ኦክስጅን «9.1 ሚሊግራም በሊትር» ብለን ጻፍን። መምህራችን ገጹን አየት አድርገው «ይህን ውሃ ጅቡቲ ወርዳችሁ ነው የለካችሁት?» አሉን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ ግን ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። 9.1 በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ20 ዲግሪ ያለ ውሃ የሚይዘው የኦክስጅን መጠን ነው። አየሩ በሳሳበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው ግቢያችን ግን መጠኑ 7 ገደማ ነው። ያ ቁጥር ከውጭ አገር መጽሐፍ ተነሥቶ ከባች ወደ ባች ሲወራረስ የኖረ ነበር።

ነገ ተመርቀን በአንድ ከተማ የውሃ አገልግሎት ተቀጠርን እንበል። ውሃው ክሎሪን ከተጨመረበት በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ 0.5 ሚሊግራም በሊትር የሚሆን ክሎሪን ሊቀርበት ይገባል። ይህ እየተለካ መዝገብ ላይ ይሞላል። የመለኪያው ኬሚካል ግን ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ተማሪ ሳለን ያልለካነውን መጻፍ የለመደ እጃችን ያን ቀንም «0.5» ብሎ ይሞላል። መዝገቡ ያምራል፤ ውሃው ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ሕፃናት ይጠጡታል። እኛ አማና ምን እንደሆነ አናውቅም ልንል አንችልም።

ኢንተርንሺፑም ከዚህ አይለይም። ዘመድ ካለበት መሥሪያ ቤት ማኅተም አስመትቶ፣ የወራቱን የሥራ መዝገብ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ዶርም ውስጥ ተቀምጦ የሚሞላ ወንድም እናውቃለን። አንዳንዶቻችን ቀለሙ እንዲለያይ እስክሪብቶ ያዋስነው እኛው ነን።

«ዕቃው ሳይሟላ እኛን ለምን ትወቅሳላችሁ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የዕቃው እጥረት የኛ ጥፋት አይደለም። የመውጫ ፈተናውም በኮምፒውተር ላይ ምርጫ ከማስመረጥ በቀር እጃችን መሥራት መቻሉን አያይም። ከግቢ ርቆ ኢንተርንሺፕ መውጣት የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ አለው፤ ለእህቶቻችን ደግሞ ደኅንነቱ የተጠበቀ ማደሪያ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ያልተለካ ቁጥር መጻፍ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። «በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቷል፤ ውጤቱ አይታመንም» ብሎ መጻፍ ሐቀኛ ሪፖርት ነው፤ ጥሩ መሐንዲስ የሚጽፈውም እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። ሲኒየሮች ያለቀለት ሪፖርት ማስተላለፍ እናቁም፤ በምትኩ አንድ ቀን ከታናናሾቻችን ጋር ላብ ገብተን አሠራሩን እናሳያቸው። ቢኦዲ ሐሙስ ይጀመር፤ ማክሰኞ ይነበባል። ኢንተርንሺፕ ለሚወጡ እህቶችና ወንድሞች በየከተማው ያሉ የጀመዓችን ምሩቃን ማደሪያ እንዲያፈላልጉ አሁኑኑ ስም እንመዝግብ።

ከዲፓርትመንቱም ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ለአምስት ቀኑ ምርመራ የተረኛ ፕሮግራም ይውጣልን፤ ቅዳሜም ለግማሽ ቀን ላቡ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ላቡን ለብቻው ያላለፈ ተማሪ ኮርሱን አያልፍ፤ እያንዳንዱም ጠርሙሱን ይዞ መምህር ፊት ይፈተን። ይህኛው ብዙዎችን እንደማያስደስት እናውቃለን። ከእኛ ከጸሐፊዎቹ መካከልም ግሬዱ የሚወርድበት አለ። የወረደው ግሬድ ግን በእርግጥ የኛ ይሆናል።

የዘንድሮ ፍሬሾች ሲጠይቁን እንግዲህ ዝርዝሩን ነግረናቸው አንድ መሥፈርት እንጨምርላቸው፤ ያልለካችሁትን አትጻፉ። አላህ የተማርነውን የምንሠራበት ያድርገን።