«ገበያ ላይ አለ» ማለት ለማን ነው?

ከነቀምት ወደ ጉቴ በሚመጣው አስፋልት ጠዋት ጠዋት ልምምድ የሚሠሩ ልጆቻችንን እግር ልብ ብላችሁ አይታችኋል? አብዛኛው ሳልባጅ ጫማ ነው። ስለዚህ የሩጫ ጫማ ደንብ ጉዳይ የፈረንጅ ወሬ አይደለም፣ የእኛው ነው።

ነገሩ ቶሎ የሚገባው ግን በመኪና ነው። አሜሪካ ውስጥ አውቶክሮስ የሚባል የአማተሮች ውድድር አለ። ሰፊ ሜዳ ላይ ኮን ይደረደርና መኪኖች አንድ በአንድ በሰዓት ይለካሉ። እኛ «ያልተነካ» የምንለው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና የራሱ ምድብ አለው። አምራቹ ለውድድር ብቻ ጥቂት ፈጣን መኪና ሠርቶ «ይኸው ከፋብሪካ የወጣ» እንዳይል ደንቡ ቁጥር አስቀምጧል፤ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 1000 መመረት አለበት። በራሊ ግሩፕ ቢ 200 ብቻ ይበቃ ነበር። በመኪና ስም ጭራቅ ተሠራበት፣ ሰው ሞተ፣ ከ1986 በኋላ ቀረ።

ወደ ጫማው ልመለስ። የዓለም አትሌቲክስ በጥር 2020 ደንብ አወጣ፦ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ውስጡ ከአንድ ፕሌት በላይ አይኖርም፣ ጫማውም ማንም ሊገዛው በሚችል ገበያ ላይ መኖር አለበት።

በመስከረም 2021 ቪየና ላይ የእኛው ደራራ ሁሪሳ በ2:09:22 አንደኛ ገባ። ከዚያ ጫማው ሲለካ ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር ሆነ። ውጤቱ ተሰረዘ፣ በ3 ሰከንድ የተቀደመው ኬንያዊ አሸናፊ ተባለ። (ይኸው ደራራ ነው በ2020 ሙምባይን በተዋሰው ጫማ ያሸነፈው!) ቅጹ ላይ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር፤ ስለዚህ ውሳኔው ልክ ነው፣ አልከራከርም። የምከራከረው 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከሮጠ በኋላ ለምን ተለካ ብዬ ነው። ማስመሪያ መነሻው ላይ ይዞ መቆም ምን ይከብዳል?

ከሁለት ዓመት በኋላ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ በ2:11:53 ዓለምን አስደመመች። ጉልበቱ የእሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም። ጫማዋ ግን 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር፣ ለገበያ መጀመሪያ የቀረበው 521 ጥንድ ብቻ፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል ነበር። በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 27 ሺህ ብር ገደማ! ደንቡ ይህን «ማንም ሊገዛው የሚችል» ብሎ አሳለፈው። እናንተዬ፣ ለማን ነው የሚገዛው? ለመኪና 1000 የጠየቀ ሰው ለጫማ 521 እንዴት ይበቃዋል? ጫማ እኮ ከመኪና ይቀላል።

«ሩጫ በእግር እንጂ በጫማ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። እንደዚያ ከሆነ ኩባንያዎቹ ለምን ይለፋሉ? ሁለት እኩል ልጆች ሲሮጡ 3 ሰከንድ ማለት ምን እንደሆነ ቪየና አሳይቶናል።

የእኔ ሐሳብ፦ ገበያ ላይ አለ የሚባለው በሺዎች የተመረተ ጫማ ብቻ ይሁን። እዚህ እኛ ጋ ሩጫ የምታዘጋጁ ደግሞ ከላይ እስኪወሰን አትጠብቁ። በታዳጊዎች ውድድር ፕሌት ያለው ጫማ አይፈቀድም በሉ፣ መነሻው ላይም እዩ። አሁን ባለው አካሄድ ዘመድ ውጭ አገር ያለው ልጅ ቀድሞ ይመረጣል፣ ሳልባጅ ያደረገው ወደ እርሻው ይመለሳል።

አሰልጣኞች፣ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ምን ትላላችሁ?