ወርቃማው ዘመን ፈቃድ አልነበረውም

መቼም እኛ የዘንድሮ ልጆች የድሮ ዘፈን ሲከፈት አንገታችንን ወዝወዝ አድርገን «ወርቃማው ዘመን!» ማለት እንወዳለን። «እነሱ ታድለው» እንላለን፤ ዘመኑ እንደ መና ከሰማይ የወረደላቸው ይመስል።

እስቲ አንዲት ሸክላ እናንሳ፦ የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ»። ዓለማየሁ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናንጎራጉረው ሌሎቹን ዘፈኖቹን ነው፤ ይቺ እምብዛም አትጠራም። አምኃ ሪከርድስ ግን በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው በእሷ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎችም የመንግሥት ነበሩ፤ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ። ዓለማየሁ ራሱ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ልጅ ነው። አምኃ እሸቴ ደግሞ (የአባት ስማቸው ቢገጥምም ወንድማማቾች አይደሉም) በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ፣ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ ባለ ሱቅ። የሰው አገር ዘፈን ሲሸጥ ከርሞ «የኛስ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ራሱ ጀመረው። ዘፈኑ በቴፕ ተቀዳ፣ ቴፑ ሕንድ ሄደ፣ እዚያ ሸክላ ሆኖ ታትሞ ተመለሰ። አዲስ አበባም ተሻማችው።

ይታሰር ይሆን? አልታሰረም። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ገደማ አልበሞች አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማ» የምንለው ዘመን ግማሹ ከዚያች ድፍረት የተቀዳ ነው።

«ያኔና አሁን አንድ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። እኛ ዘፈን ለማሳተም ሕንድ መላክ አያስፈልገንም፤ ስልካችን ይበቃል። የጎደለን «የኛስ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ጥያቄ ካነሳን አይቀር የራሳችንንም ጉድ እናውራ። እነዚያን ሸክላዎች ከአቧራ አውጥቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ለዓለም ያሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ዘጠነኛውን አልበም ሙሉውን ለዓለማየሁ ሰጥቶታል። እኛ ጋዜጠኝነት የተመረቅነውስ? አንጋፋ ድምፃዊ ስናገኝ «ያንን ወርቃማ ዘመን እንዴት ያስታውሱታል?» ብለን ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ማን ዜማውን ሠራ፣ ማን ሳክስፎን ነፋ፣ ስንት ተከፈለ፣ ቴፑን ማን ተሸክሞ ሄደ ብለን አንጠይቅም።

አምኃም ዓለማየሁም በ2021 በወራት ልዩነት ተለይተውናል። አሁንም በየሰፈራችን የዚያ ዘመን ከበሮ መቺ፣ ጊታር ተጫዋች፣ ሸክላ ሻጭ አለ። ወይ ቤታቸው ሄደን እንጠይቅ፣ ወይ «ወርቃማው ዘመን» ማለቱን እንተው። ያለዚያ የልጅ ልጆቻችን የኛን ታሪክ ከፓሪስ ያስመጣሉ።

ቸር ያሰንብተን!