የባለጉዳይ ምስጢር የት ነው የሚያድረው?

ዳንግላ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው የባለጉዳዩን የመሬት ክርክር ቻትጂፒቲ ላይ ሲለጥፍ፣ ጽሑፉ ባሕር ማዶ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ያድራል። «አጠፋዋለሁ» ቢል አይጽናና፤ በግንቦት 2017 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ተጠቃሚዎች ያጠፉት ሳይቀር ተጠብቆ እንዲቆይ ኩባንያውን አዝዞ ነበር። ባለጉዳዩንስ ማን አስፈቀደው?

ኦላማና ጃን የተባሉት ፕሮግራሞች ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናሉ። ሞዴሉ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ትንንሾቹን ሞዴሎች 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችላቸዋል። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን ያየ የእንጅባራ ሰው ይህን እንዴት ይንቃል?

«አማርኛቸው ደካማ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ አገውኛማ አይነሣ! እስኪሻሻሉ ድረስ ቻትጂፒቲን የግድ የሚል ጸሐፊ ቢያንስ የባለጉዳዩን ስምና ቀበሌ አውጥቶ ይለጥፍ።